ፌራዱ ከአርል መድረክ የወጣበት እሁድ

በማስታወቂያው ላይ የኮርማው ስም በትልቁ፣ የሯጮቹ ስም በትንሹ ተጽፏል። በፈረንሳይዋ የአርል ከተማ ወጉ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚመጣው ኮርማ ሊያይ እንጂ ነጭ ለብሶ የሚሮጥ ጎረምሳ ሊያይ አይደለም። ሯጭ ከኮርማው ቀንድ ላይ የታሰረውን ክር ሊነጥቅ ይጠጋል፤ ኮርማው አባሮት ሯጩ አጥር ዘሎ ካመለጠ ሙዚቃው ለኮርማው ይመታል። የኮርማው ባለቤት ኦኖሪን «ፌራዱ» የሚለውን ስም ባየች ቁጥር ደስ ይላት ነበር። በዚያ እሁድ ግን ፊቷን አዙራ አለፈች።

የፌራዱ ግራ ዓይን ከክረምት ወዲህ አያይም። ይህን የሚያውቁት እሷና ልጇ ፎልኮ ብቻ ናቸው፤ «ሆድ ይፍጀው» ተባብለዋል። ለአሥራ አራት ዓመቱ ኮርማ ይህ የመጨረሻ ውድድሩ ነው። ውድድሩ የሚፈጀውን አሥራ አምስት ደቂቃ ከጨረሰ በክብር ያርፋል፤ ሲሞትም እንደ ታላላቆቹ ኮርማዎች ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ ይቀበራል። ባለቤቱ ከጊዜው በፊት ካስወጣችው ግን እንደ ሸሸ ይቆጠራል፤ ሙዚቃም የለው።

ችግሩ፣ ፎልኮ ራሱ ሯጭ ነው። ዛሬ አንድ ክር ከነጠቀ የዓመቱ ዋንጫ የእሱ ነው።

«በግራ በኩል ትሄድበታለህ?» ብላው ነበር ጠዋት።

«እማዬ፣ ሌባ አሳድገሻል እንዴ?»

«ሯጭ ነው ያሳደግሁት። ከሌባ በምን ይለያል?»

ኦኖሪን ከወትሮው ቅስት ሥር ተቀመጠች። ሮማውያን ሰውና አውሬ ያፋጁበት ይህ የድንጋይ መድረክ በኋላ መንደር ሆኖ ነበር፤ ሁለት መቶ ያህል ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር በውስጡ። የአያቷ አያት የተወለደችው በዚሁ ቅስት ሥር ነው። ከተማው ቤቶቹን አፍርሶ ሰዉን ቢያስወጣም ቤተሰቡ ቦታውን አልለቀቀም፤ ትኬት እየቆረጠ ይቀመጥበታል።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ በፌራዱ ግራ ቀንድ ላይ አንድ ክር ብቻ ቀርቷል። አንዱ ሯጭ በግራ በኩል ሲያልፍ ኮርማው ንቅንቅ አላለም። ሌላው ሲያልፍ ኮቴውን ሰምቶ ተወረወረ፤ አጥሩን ግን አላየውም። በትከሻው ተላተመ፣ ተንበረከከ፣ እንደ ምንም ተነሣ። ሕዝቡ አፏጨ።

«እትዬ ኦኖሪን፣ ወንበር ስጪው እንጂ!» አለ አንዱ ከላይ።

ኦኖሪን ብድግ አለች። «ባለደወሉን በሬ አስገቡ!» ኮርማዎችን እየመራ የሚያስወጣው እሱ ነው።

«ሦስት ደቂቃ ነው'ኮ የቀረው!» አለ በረኛው።

«ዓይኑ አያይም! ግራው ጨለማ ነው! አጥር ላይ ይሰባበርልህ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መድረኩ ሁሉ ሰማ፤ ፉጨቱም ቆመ። ኦኖሪን በኮርማዋ ፋንታ አፈረች።

ባለደወሉ በሬ ገብቶ ክረምቱን ሙሉ እንደለመደው በፌራዱ ግራ ቆመ። ኮርማው ጎኑን አስጠግቶ ቀስ እያለ አብሮት ወደ በሩ ሄደ። ማንም አላጨበጨበም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም።

ፎልኮ በሩ አጠገብ ቆሟል። በሬው ቀድሞ ሲገባ ክሩ የተንጠለጠለበት ቀንድ እጁ የሚደርስበት ሆነ። የማብቂያው ደወል ገና አልተደወለም፤ ቢነጥቀው ሕግ አይከለክለውም።

ፎልኮ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ «ወይኔ!» ብሎ ጮኸና በእርጋታ ከሚራመደው ኮርማ ፊት በረረ። እናቱ ወዳለችበት ቅስት ሮጦ አጥሩን በሙሉ ኃይሉ ዘለለ፤ ተመልካቾቹ እግር ላይም ወደቀ።

የሙዚቃው አለቃ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀጥሎ ነገሩ ገባውና እጁን አነሣ። ሙዚቃው ተመታ፤ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ፌራዱ ጆሮውን አቁሞ በሙዚቃ ወጣ።

«አንተ ቀጣፊ፣ ከሚራመድ ኮርማ ትሸሻለህ?» አለች ኦኖሪን እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

«አላየሽውም እንዴ እማዬ? ሊገድለኝ ነበር'ኮ!»