ባሌን የማያሰምጥ ማጠንጠኛ

ባሌ ኑሕ በስድሳ አንድ ዓመቱ ዓሣ አጥማጅ ሊሆን ወስኗል። ዋና አይችልም። ሐይቅ ያየው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በመኪና መስኮት። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ከዚህ በቀር ምንም አልጎደለውም።

ሐሳቡ የጎረቤታችን የጋሼ ወልደ አማኑኤል ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቱሪስት ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው፤ ዝዋይ ዳር ፈረንጅ ሲያጠምድ ቆመው አይተዋል፤ ስለዚህ ሊቅ ናቸው። ሐኪሙ እጁን እንዲያሠራበት የላስቲክ ኳስ ሰጥቶት ነበር። ኑሕ ግን ሠላሳ ዓመት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ቁጭ ብሎ ኳስ መጭመቅ የሥራ ፈት ነገር ሆነበት። ኳሱ አልጋ ሥር ገባ። የስፌት መኪናውም እንደ ሬሳ አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

"ዓሣ ይሻለዋል" አሉ ጋሼ። "ክሩን ሲያጠነጥን እጁ ይፍታታል። ደግሞ እስቲ አስቢው ዘይቱና፣ ሃያ ዓመት ተጎራብተን አንድ ቀን ሥጋ አብረን አልበላንም። ዓሣ ላይ ግን አራጁ ማነው የሚል የለም።"

"አዎ፣ የለቅሶውን ድንኳንም አብረን እንተክላለን" አልኳቸው።

አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ መሃል፣ መህዲ የሚባል ሰው ከውጭ የመጣ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። አብሬያቸው ሄድኩ። ባልሄድማ ባሌን የሚገድለውን መርጠው ይመጡ ነበር።

መህዲ ሦስት የማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ ደረደረ። እሱ ሪል ነው የሚላቸው።

"ይሄ ሽፍኑ ለጀማሪ ነው፤ ሺህ ስምንት መቶ። ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭነው መወርወር ነው። ትንንሽ ዓሣ ብቻ ነው የሚችለው።"

"ትልቅ ቢመጣስ?"

"ይሰበራል፣ ማዘር።"

"ጥሩ። ይሄን ስጠን።" ማጠንጠኛው ከተሰበረ ዓሣው ብቻውን ይሄዳል፣ ባሌ ዳር ይቀራል።

ኑሕ ቁልፉን በቀኝ አውራ ጣቱ ሊጫን ሞከረ። አልተጫነም። እንደገና ሞከረ። ሁላችንም ዞር ብለን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ብስክሌት አደነቅን።

ጋሼ ወዲያው ሁለተኛውን፣ ክቡን አነሱ። አሥራ አራት ሺህ ብር ነው፤ ትልልቅ አምባዛ ይጎትታል። ሲወረወር ግን አውራ ጣት ካልያዘው ክሩ እንዳልተበጠረ ጠጉር ይሆናል።

"ለመስመጥ አሥራ አራት ሺህ?" አልኩ። "በነጻ የሚሰምጥ ስንት ሰው አለ።"

የቀረው ክፍቱ ነው፤ አራት ሺህ አምስት መቶ። ከዳር ቆሞ ለሚያጠምድ ይበቃል አለ መህዲ። ፍሬን አለው፤ ዓሣው በኃይል ሲስብ ክሩን እየለቀቀ ይሰጠዋል። እጀታውም ተፈትቶ በቀኝም በግራም ይገባል።

ኑሕ በግራ እጁ አዙሮ ጆሮው ላይ አስጠጋው። ድሮ የሰው ስፌት መኪና ሲመረምር እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ፍሬኑን አላላ፣ ክሩን ሳበ፣ ፍሬኑን አጠበቀ፣ እንደገና ሳበ።

"ውጥረቱ ልክ ይገባል" አለ። "ጥርሱም አልተበላም።"

በስምንት ወር ውስጥ ስለ አንድ ዕቃ እንዲህ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ከነማጥመጃ ዘንጉ ገዛነው። መህዲን ግን "እጀታውን በግራ አድርገህ እሰረው" አልኩት፤ በደህናው እጁ በኩል። ኑሕ አየኝ።

ግቢ እንደገባን ማጠንጠኛውን ዘንጉ ላይ አስገጥሞ ወደ እኔ ዘረጋው።

"ዘይቱ፣ እጀታውን ወደ ቀኝ አዙሪልኝ።"

"ግራህ ምን ሆነ?"

"ግራዬ አልታመመም።"

"በቀኝህ እምቢ ቢልህስ?"

"ደስ ይልሻላ። ዝዋይ አልሄድም።"

እጀታውን ፈትቼ በቀኝ አሰርኩት።

ጋሼ የክሩን ጫፍ ሰጡኝና ግቢው ጥግ ካለው የውኃ ሮቶ ሥር አቆሙኝ። "አንቺ ዓሣ ነሽ" አሉኝ።

"ስንት ኪሎ?"

"ትክክለኛውን አትንገሪያቸው፣ ይፈራሉ" አለ ኑሕ።

ክሩን ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ። ኑሕ ዘንጉን ብብቱ ሥር አስገብቶ የቀኝ ጣቶቹን በግራ እጁ አንድ በአንድ እጀታው ላይ አጠፋቸው። ከዚያ ዘንጉን በግራው ያዘ። ክሩ ተወጠረ። ምንም የለም። ግንባሩን ላብ ወረረው። አሁንም ምንም የለም።

አንድ እርምጃ ብጠጋለት ክሩ ይላላል፤ እጀታው ይዞርለታል። ማንም ልብ አይለውም። ግን ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው፤ የላላ ክር ያውቃል። እግሬን ተክዬ ቆምኩ። ይሄ ሁሉ የኔ ጥፋት ነው፣ ሽፍኑን ብንገዛ ኖሮ ነገሩ እዚያው ሱቅ ያበቃ ነበር እያልኩ ራሴን ስወቅስ ጣቴን የሆነ ነገር ሳበኝ።

ትንሽ ነው። ግማሽ ዙር እንኳ አይሞላም። ዐረፈና ደገመ። ክሩ ጣቴን ቆረጠኝ፤ አልለቀቅኩም። ሦስተኛው ላይ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ ተጎትቼ እንጂ ሰጥቼው አይደለም።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ቅዳሜ ዝዋይ" አሉ።

"እኔም እሄዳለሁ።"

"አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ?" አለ ኑሕ፣ እያለከለከ።

"ከኋላህ ቆሜ ቀበቶህን እይዛለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም። ቀበቶው አሮጌ ነው፤ ከቅዳሜ በፊት ሌላ መግዛት አለብኝ።