ስፌት መኪናዬ የተራመደችው

እኔ ስናደድ ጆሮዬ ይግላል። ይኸው ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እንደጋለ ነው። የተናደድኩት በአለቃችን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! በራሴም ጭምር ነው እንጂ።

እኔና ታናሽ እህቴ ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ እንሰፋለን። እኔ ኮሌታ፣ እሷ እጅጌ፤ መኪናዎቻችን ጎን ለጎን ናቸው። ጠዋት ከተቀመጥን ለምሳ ነው የምንነሳው፤ ከምሳ መልስ ከተቀመጥን ደግሞ እስከ ማታ። ባለፈው ዓመት የእህቴ ግራ እግር አብጦ ጫማ አልገባ አለ። ሐኪሙ እግሯ ውስጥ ደም ረግቷል ብሎ አስተኛት። ስትወጣ እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ "በየሰዓቱ ተነስታ ትራመድ። ዝም ብላ ከተቀመጠች የረጋው ደም ሳንባዋ ይገባል" አለኝ።

እሷ ዝምተኛ ናት፤ አፍ ያለኝ እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ጮኼ በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ እረፍት አስፈቀድኩ፣ ለሁላችንም። ግቢውን ሁለቴ ዞረን እንመለሳለን። የእህቴ እግር እብጠቱ ጎደለ፣ ፊቷም ፈካ። እኔም ብሆን ጭንቅላቴ ይቀለኝ ነበር፤ ከዞርኩ በኋላ ሰው አልሳደብም። እሺ፣ ብዙ አልሳደብም።

ከዚያ ያ የተረገመ እርምጃ ቆጣሪ መጣ። እጅ ላይ የሚታሰር ጥቁር ነገር ነው። አለቃችን አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ስለሚዞር "ሜትሩ" ነው የምንለው፤ አንድ ቀን እንኳ ሲለካበት አይተን አናውቅም። እሱ ሰበሰበንና፣ "በጣም የተራመደ ክፍል ይሸለማል፤ ለየሰዉ አንዳንድ ብርድ ልብስ!" አለ። ምን ልደብቅ፣ ልቤ ቀለጠ።

በመጀመሪያው ቀን ማሸጊያ ክፍሎች በነፍስ ወከፍ ዘጠኝ ሺህ፣ እኛ ሦስት ሺህ። ሳቁብን። እኔ ደግሞ መሸነፍ ሞቴ ነው። በማግስቱ ቆጣሪውን ከእጄ ፈታሁና ስፌት መኪናዬ ላይ አሰርኩት። ፔዳሉን ስረግጥ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እሱም ይቆጥራል። ማታ ሳየው አሥራ ዘጠኝ ሺህ! ወይ ሳቅ! በሳምንቱ የሁላችንም ቆጣሪ መኪና ላይ ነበር። የእህቴን በገዛ እጄ ነው ያሰርኩላት።

አሸነፍን፣ ብርድ ልብሳችንንም ወሰድን። በማግስቱ ሜትሩ ወረቀት ይዞ መጣ። "እናንተ እኮ በቀን ሃያ ሺህ እርምጃ ትራመዳላችሁ! ከዚህ በላይማ መታመም ነው። ከዛሬ ጀምሮ የአምስት ደቂቃው እረፍት ቀርቷል" አለና አጨበጨበልን።

እውነቱን ባወጣ ብርድ ልብሱ ከሁሉም ሊሰበሰብ ነው። ጓደኞቼ ዓይኔን ማየት አይፈልጉም። ስለዚህ ዝም አልኩ። እኔ! ሁለት ሳምንት ሙሉ! እህቴን፣ "ሽንት ቤት እያልሽ ውጪ" እላታለሁ፤ እሷ ግን ሜትሩ ሰዓቱን ሲያይባት ታፍራለች።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ባቷን ስታሽ አየኋት። ጫማዋን አውልቃለች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም፣ እትዬ። ትንሽ ከብዶኝ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከማክሰኞ።"

ዛሬ እኮ ዓርብ ነው! "ለምን አትነግሪኝም?" ብዬ ጮኽኩባት።

"ካወቅሽ ትናገሪያለሽ፤ ከሰው ሁሉ እንዳትጣዪ ብዬ ነው" አለች።

ብድግ አልኩ። ሜትሩ እየሮጠ መጣ። "ምንድነው ጩኸቱ? ተቀመጪ!"

"አልቀመጥም!" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሴቶቹ መኪናቸውን አቁመው ያዩኛል። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሪፖርቱ እኮ ሄዷል፤ ምስጋናም መጥቶልኛል። አሁን ምን ልበላቸው? ደግሞ ይኸው፣ እህትሽ ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ሺህ ተራምዳለች" ብሎ እስካሁን መኪናዋ ላይ እንደታሰረ ያለውን ቆጣሪ አሳየኝ።

እስከዛሬ እርስዎ የምለውን ሰውዬ አንተ አልኩት። "አሥራ አንድ ሺህ የተራመደችው ይቺ ብረት ናት፣ አንተ ደንቆሮ! እህቴ እዚያ በር ድረስ መድረስ አትችልም!"

እህቴ ጠቡን ልታበርድ ብላ ተነሳች። "እችላለሁ፣ እትዬ፣ ይኸው" አለች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ደረቷን ያዘች። "ትንፋሼ…" አለችና ተዝለፈለፈች።

ተሸክመናት ሆስፒታል ገባን። ኮሪደሩን ስመላለስበት፣ ግድግዳውን በቡጢ ስመታ፣ ሜትሩንና ዘር ማንዘሩን ስረግም ቆየሁ። በመጨረሻ ያው የአምናው ሐኪም ወጣ።

"ለጊዜው ተርፋለች፤ ሳንባዋ ግን ተጎድቷል" አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አፈጠጠብኝ። "በየሰዓቱ ትራመድ አላልኩሽም? ማነው ያስቀመጣት?"

ሜትሩ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።