ኀዘንተኛ እስኪናገር

«ሊቅ ነበሩ፤ ምሰሶ ነበሩ» አሉ መልአከ ሰላም ንጉሡ፣ ንፍሮውን ከመዳፋቸው ወደ አፋቸው እየወረወሩ። «እንደ የኔታ ቢተው ያለ መምህር ከተማችን መካነ ሰላም ዳግመኛ አታገኝም።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱት እንኳ ለአፍታ ገታ ብለው ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ሉሊት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ታያቸዋለች። አባቷን ከቀበረች አራተኛ ቀኗ ነው፤ ከቀብር መልስ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ሰዉ «ኀዘኑ ልሳኗን ዘጋው» እያለ ያዝንላታል። ኀዘኑስ ነበረ፤ አፏን የያዘው ግን ንቀት ነው። ብትከፍተው የሚወጣው ስድብ እንደሆነ ታውቀዋለች።

እኒህ መልአከ ሰላም የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ከስምንት ዓመት በፊት አባቷን ከጉባኤ ቤት ያስወጧቸውም እሳቸው። ድሮ የአባቷ ተማሪ ነበሩ። ኦሪት ዘፍጥረትን እንኳ ሳይጨርሱ ትርጓሜው ከበዳቸውና ወደ አስተዳደር ዞሩ። አስተዳደር ትርጓሜ አይጠይቅም፤ ወፍራም ድምፅና ካባ ይበቃዋል። ሁለቱንም አሟልተው ይዘዋል።

የኔታ ቢተው የብሉይ መጻሕፍትን ትርጓሜ የተማሩት ጎንደር ነው። እዚያ ሳሉ ከአንድ ቤተ እስራኤል ሸማኔ ጋር ተወዳጅተው ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሰሞን ሰውየው ወደ እስራኤል ሄደ፤ ከዓመታት በኋላ አንድ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስና የፊደል መማሪያ በፖስታ ላከላቸው። የኔታ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው እንደ ጀማሪ ሕፃን ከአሌፍ ተነሡ።

«ግእዙ ምን ይላል ስንል ኖርን» ይሉ ነበር። «ኢዮብን የጻፈው ሰው በየትኛው ቋንቋ ጻፈው? ወገኖቹስ ሲበሉ፣ ሲያለቅሱ ልማዳቸው ምን ነበር? ይህን ማን ጠየቀ?»

ጥፋታቸው ይኸው ነበር። መልአከ ሰላም ንጉሡ ካህናቱን ሰብስበው «ቢተው ወደ አይሁድ ገብቷል» አሉ። ካህናቱ ዕብራይስጥ ይቅርና ግእዙንም በቅጡ ስለማያውቁት ለመስማማት አልተቸገሩም። ቀበሌው «በሃይማኖት ጉዳይ አንገባም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ተማሪዎቹ ተበተኑ። ጉልበታቸውን ስመው ያልፉ የነበሩ ሴቶች መንገድ ይቀይሩባቸው ጀመር። ዛሬ እነዚያው ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ ደረታቸውን ይደቃሉ።

የኔታ ከዚያ በኋላ መዋያቸው ገበያው ዳር ያለችው የአሕመድኑር የስፌት ሱቅ በረንዳ ሆነ። አሕመድኑር በልጅነታቸው ከሼሆች ዘንድ የዓረብኛ ኪታብ የተማሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጻሕፍታቸውን ዘርግተው ሲከራከሩ ይውላሉ። የኔታ ግእዙን ከግራ፣ ዕብራይስጡን ከቀኝ ይጽፉና መሐል ላይ ያገናኟቸዋል፤ አሕመድኑር ዓረብኛውን ከሥር ያስገቡበታል። የኔታ ከቀለም ዘመን የቀረ ልማድ ስለነበራቸው በእርሳስ የጻፉትንም እንዲደርቅ እፍ ይሉበት ነበር። እንዲህ ዘጠኝ ደብተር ሞላ።

አሕመድኑር ለለቅሶው በየቀኑ ከአስር ሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ፍራሽ ቢሰጧቸው አይቀመጡም፤ ከመግቢያው አጠገብ ባዶ መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ። ንፍሮውን በእጃቸው ይመልሳሉ። «አብሽሪ» እንኳ ብለዋት አያውቁም። ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይቆዩና ተነሥተው ይሄዳሉ።

«ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚዘጓት?» አለች አንዷ ለቀስተኛ በሹክሹክታ።

«ወላሂ እንጃ። ተኳርፈው ነበር መሰል።»

ሉሊትም ከሌሎቹ አብልጣ የናቀቻቸው እሳቸውን ነው። ሌላው ቢያንስ ይዋሻል። ስንት ዓመት አብሮ የዋለ ሰው «ያጥናሽ» ማለት እንዴት ያቅተዋል?

በአምስተኛው ቀን አክስቷ አልታየች ወደ ጓዳ ጠርታት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሉሊትዬ፣ ስሚኝማ። መልአከ ሰላም ልከውኝ ነው። በሰባተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ‹አባቴ ያን የአይሁድ ነገር ትቶ ነው የሞተ› ትያለሽ። ደብተሮቹንም ታስረክቢያቸዋለሽ። አለዚያ የአርባው ፍትሐት አይደረግለትም ብለዋል።»

ሉሊት ግድግዳውን ታያለች።

«አንዲት ቃል ናት የኔ ዓለም። ለነፍሱ ስትይ በያት። ወንድሜ እንደ አረመኔ ያለ ፍትሐት ይቅር እንዴ?» አልታየች ማልቀስ ጀመረች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ፈሪ ናት። በዚህ ከተማ ክፉዎች የሚሾሙት በእንዲህ ያሉ ደጋጎች ትከሻ ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሉሊት ደብተሮቹን ከሣጥን አወጣች። ልታስረክብ ነበር። ደክሟታል፤ አባቷ ያለ ፍትሐት እንዲቀሩም አልፈለገችም። በገመድ ስታስራቸው አንዱ ሾልኮ ወደቀና ተከፈተ። የአባቷ ደቃቅ ጽሕፈት ነው፦

«የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። አይሁድ ከዚህ ተምረው ዛሬም ኀዘንተኛው ሳይናገር አጽናኙ አፉን አይከፍትም። ለአሕመድኑር ነገርሁት፤ ወደደው። ቀድመኸኝ ከሞትህ ለልጅህ እንዲሁ አደርጋለሁ አለ። ሳቅን።»

ከሥሩ ደግሞ፦ «በዓረብ አገርስ? ሉሊት ትነግረኛለች።» ከዚያ ሁለት ባዶ መስመር።

የስልክ ጥሪው ትዝ አላት። በቤት ሠራተኝነት በሄደችበት ጂዳ፣ በአሠሪዋ ማድ ቤት ቆማ፣ የአባቷ ድምፅ ከመካነ ሰላም ቴሌ እየተቆራረጠ ይመጣል። «ሉሊቴ፣ እዚያ አገር ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ቀድሞ ይናገራል ወይስ ኀዘንተኛውን ይጠብቃል?»

«አባዬ፣ እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብሁ አንተ ስለ ሬሳ ትጠይቀኛለህ?» ብላ ዘጋችባቸው።

ሚሌኒየሙ ሊከበር ሲል ተመልሳ መጣች። ሁለት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ አባቷ ጥያቄውን አላነሡባትም፤ እሷም ደብተሮቹን ገልጣ አላየችም። መልአከ ሰላም እንኳ አንድ ቀን በስፌት ሱቁ በረንዳ ሲያልፉ አንዱን ገልጠው ሳይገባቸው ተቆጥተዋል፤ እሷ ግን አልገለጠችም። ስድስት ቀን ሙሉ ለሰው ስትሰፍረው የከረመችው ንቀት ወደ ራሷ ዞረ። ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ድንኳኑ ጢም አለ። አሕመድኑር ከመግቢያው አጠገብ መሬት ላይ ናቸው። መልአከ ሰላም ካባቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ልጃችን የምትነግረን አላት።»

ካርታው ቆመ። ሉሊት ደብተሩን ይዛ ከፍራሹ ተነሣች። መልአከ ሰላም ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። አልፋቸው ሄደችና ከአሕመድኑር ጎን ባዶው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ቀና አላሉም።

«ጋሼ አሕመድኑር» አለች። ሰባት ቀን ያልሠራ ድምፅ ነበርና ሻከረ። «እርሳስ ይዘዋል?»

አሕመድኑር ከጆሯቸው ላይ የስፌት እርሳሳቸውን አውጥተው ሰጧት።

«አላህ ያጥናሽ ልጄ» አሉ፣ ቃሉ አፋቸውን እስኪለቅ እንደቸኮለ ሰው። «አላህ ያጥናሽ። ወንድሜ ነበር።» እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

«ልጄ፣ ደብተሩን ወዲህ በይ» አሉ መልአከ ሰላም። «ቃልሽንም ስጪን።»

«አባቴ የተወው ነገር የለም» አለች ሉሊት ዞር ብላ ሳታያቸው። «ደብተሮቹንም አልሰጥም። ፍትሐቱን ይከልክሉ። ያለ እናንተ ስምንት ዓመት ጸልዮአል።»

አልታየች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። መልአከ ሰላም ወዲያ ወዲህ አዩ፤ የሚረዳቸው ሰው አልተነሣም፤ የሚቃወማቸውም አልነበረም። ሉሊት ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመጀመሪያው ባዶ መስመር ጻፈች፦ «ጂዳ፦ ገና ከበር ይናገራሉ፤ እንደኛው።» በሁለተኛው ላይ፦ «መካነ ሰላም፦ አንድ ሰው ሰባት ቀን ጠበቀ።»

እርሳሱን ለአሕመድኑር መለሰችላቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ የጻፈችው እንዲደርቅ፣ እፍ አለችበት።