ዳገቱ ላይ የቆመው አምቡላንስ

ቁጥሩ አልንቀሳቀስ አለ። መካኒኩ የቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ገመድ ነቅሎ ጫፉን በቱታው ጠረገና እንደገና ሰካው። ዜሮ ነጥብ አንድ። ሞተሩ ከተነሳ ሃያ ደቂቃ አልፎታል፤ የጭስ ማውጫው ቧንቧ እጅ አያስነካም። ይሄኔ ቁጥሩ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ መጨፈር ነበረበት። እሱ ግን የተቸነከረ ይመስል እዚያው ቀርቷል።

"ምን ይላል ፕሮፍ?" አለ ሹፌሩ፣ በአምቡላንሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ።

"ቆይ እስቲ። ቤንዚን አትስጠው፤ ዝም ብለህ ተወው።"

ፕሮፍ የሚለውን ስም ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው። መኪኖቹን እንደ ሕመምተኛ በሳላቸው ይለያቸዋል ብለው ሲቀልዱበት የጀመረ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ግን ቀልድነቱ ቀረና መጠሪያው ሆነ። ከጤና ቢሮው አምቡላንሶች ሁሉ አሮጌው ይሄኛው ነው። ሹፌሮቹ "አያቴ" ይሉታል።

አያቴ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በጤና ጣቢያ ወልዳ ደሟ አልቆም ያለ አንዲት ሴት ይዞ ወደ ሆስፒታል ሲወጣ ዳገቱ ላይ ጉልበት ከዳው። ሌላ መኪና እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሴትዮዋ ሆስፒታሉ በር ላይ አረፈች። ሕፃኗ ጤና ጣቢያ ቀርታ ነበር፤ ደህና ናት። ሹፌሩ ከሥራ ታገደ፤ መኪናው ተጎትቶ መጣና ግቢው ውስጥ ቆመ። የቢሮው የትራንስፖርት ኃላፊ "ምክንያቱ ተመርምሮ ይጻፍ" ብለው ለመካኒኩ ከመሩት ቆይቷል። እሱ ግን አንድ ጊዜ ፍሬን፣ ሌላ ጊዜ ፍሪሲዮን እያለ በሌሎች መኪኖች ሥር ተደብቆ ከረመ። ዛሬ ጠዋት ሹፌሩ ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ባይቆም ኖሮ ገና ይደበቅ ነበር።

ከመደርደሪያው የካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ አንስቶ ወደ ሞተሩ አየር መሳቢያ ለአፍታ ረጨው። ሞተሩን አነቀው፤ ተንቀጠቀጠ፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ተፋ። መካኒኩ ዓይኑን ከቴስተሩ አልነቀለም። ዜሮ ነጥብ አንድ።

"በቃ፣ ሞታለች" አለ።

ሹፌሩ ወርዶ አጠገቡ ቆመ። "ማን?"

"ኦክስጅን ሴንሰሯ። ይቺ ቧንቧው ላይ የተሰካችው።" በጣቱ አሳየው። "የሞተሩ አፍንጫ በላት። ጭሱን ታሸታለች፤ ቤንዚን ሲበዛ ቀንስ፣ ሲያንስ ጨምር እያለች ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች። አሁን ይኸው፣ ሞተሩ በቤንዚን እየታነቀ እሷ ጨምር እንዳለች ቀርታለች። እሱ ደግሞ ያምናታል።"

"ለዚህ ነው ታዲያ ያልሄደው?"

"ቀጥታ ለዚህ አይደለም። ና፣ ላሳይህ።"

ሞተሩን አጠፋና ትልቁን ቁልፍ ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ሴንሰሯ ዝጋ ከቧንቧው ጋር አንድ ሆናለች። ታገላት። ቁልፉ አምልጦት የእጁ ጀርባ የጋለው ቧንቧ ላይ ሲያርፍ ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። በመጨረሻ ተላቀቀች። ጥላሸት ከላይ እስከ ታች ሸፍኗታል።

"አስነሳና እስከ መጨረሻው ርገጠው!"

ሹፌሩ ረገጠ። ሴንሰሯ በወጣችበት ቀዳዳ ጭሱ እያፏጨ ወጣ፤ ያ ሁልጊዜ የሚያቃስት ሞተር በአንዴ አገሳ። ጣሪያው ላይ የነበሩ ርግቦች ተነስተው በረሩ። ሹፌሩ ግን እግሩን አላነሳም። መካኒኩ ከሥር ወጥቶ በሩን በመዳፉ እስኪመታ ድረስ እንደረገጠ ቀረ።

"ይሄ ጉልበት" አለ ሹፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ "ይሄ ሁሉ ጉልበት ያን ቀን የት ነበር?"

"ታፍኖ ነበር። የተረፈው ቤንዚን ቧንቧው ውስጥ ያለውን ማጣሪያ እያቃጠለ አቀለጠውና ደፈነው። አሁን በዚህ ቀዳዳ ስለተነፈሰ ነው። በአፍንጫህም በአፍህም ጨርቅ ጠቅጥቀው ዳገት ሩጥ ቢሉህ ማለት ነው።"

"እኔ ማርሽ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።" ሹፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚናገረው። "ሁለተኛ ላይ ዘገየሁ እንዴ? ቶሎ አንደኛ ባስገባ ኖሮ? ቤቴ ተኝቼ በእግሬ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፤ ሚስቴ ትቀሰቅሰኛለች። የሴትዮዋ ባል ወርዶ ሲገፋ በመስታወት አየው ነበር። ብቻውን እኮ ነው፤ አምቡላንስ ለብቻው ይገፋል?"

መካኒኩ ቁልፉን በጨርቅ ጠረገ።

"እንዲህ እስኪደፈን ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ይለያያል።"

"በግምት።"

"ሁለት ወር። ሦስት።"

ሹፌሩ ዓይኑን ከመሪው በስተጀርባ ወዳለው ሰሌዳ አወረደ። ከመብራቶቹ አንዱ ላይ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተለጥፋለች። ማን እንደለጠፋት ሁለቱም ያውቃሉ። ከሦስት ወር በፊት ሹፌሩ "ቢጫ መብራት በራብኝ" ብሎ ሲመጣ፣ መካኒኩ በር ላይ እንደቆመ የብልሽት ማንበቢያ ማሽኑን ሰክቶ አነበበና "የሴንሰር ነው፤ አርጅታለች። ይሄ አያስፈራህ፣ ንዳው" አለው። ሹፌሩ መብራቱ ዓይኔን ይወጋኛል ሲል ጊዜ ደግሞ ፕላስተሩን ቀዶ ለጠፈለት፤ ተሳሳቁ። የመለዋወጫ መጠየቂያ ቅጽ እሞላለሁ ብሎ ነበር። ያን ቀን ሌላ መኪና መጣ፤ በማግስቱ ረሳው። ሌላ ምክንያት የለውም። ሦስቱን ሳምንት ሙሉ ሲፈልግ ከርሟል፤ አላገኘም።

"ያኔ ያልከኝ ናት?" አለ ሹፌሩ።

"አዎ። እሷው ናት።"

ሹፌሩ ይሰድበኛል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብሎ መካኒኩ ጠበቀ። ቢያደርገው ደስ ይለው ነበር። ሹፌሩ ግን አንዴ በአፍንጫው ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሪፖርቱን የጻፈው ቆሞ ነው። ሴንሰሯ መበላሸቷን፣ ማጣሪያው መደፈኑን፣ ሹፌሩ ጥፋት እንደሌለበት ጻፈ። ቀጥሎ ብልሽቱ ከሦስት ወር በፊት ለራሱ ለመካኒኩ ተነግሮት እንደነበረና ምንም እንዳላደረገ ጽፎ ፈረመ። የተቃጠለው እጁ ፊደሉን አጣመመበት።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከእሱ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

"ጋሼ፣ ይሄን የመጨረሻውን ለምን ይጽፋሉ?"

"የሆነው እሱ ስለሆነ ነው።"

"መኪናው ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በእርጅና ምክንያት ቢሉ ማን ይጠይቅዎታል? ሹፌሩንም ነገ ሥራው ላይ እመልሰዋለሁ። ይሄ እንዳለ ከወጣ ግን እርስዎም እኔም፣ ይሄ ጋራዥም የለንም። ጡረታዎ ስንት ቀረው?"

"ሁለት ዓመት።"

"ታዲያስ?" ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያው ውስጥ ከተቱና ቆለፉት። "እኔ ሌላ አስተይባለሁ። እርስዎ ሄደው እጅዎን ይታከሙ፤ ውኃ ቋጥሯል።"

ሊከራከር አፉን ከፈተ። ወረቀቱ ቢወጣስ ምን ይለውጣል? ሴትዮዋን አይመልስም። ዞር ብሎ ወጣ።

ሹፌሩ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር።

"ነገ ትመለሳለህ፤ ኃላፊዋ 'በእርጅና ነው' ብለው ያስጽፋሉ" አለው መካኒኩ።

"እሱ በየቀኑ ቤቴ ይመጣል" አለ ሹፌሩ፣ ያልሰማ ይመስል። "ባልየው። አይሳደብ፣ አይጮህ። 'ለምንድን ነው ያልሄደው?' ይለኛል። አላውቅም ስለው ይሄዳል፤ በማግስቱ ይመጣል። ዛሬስ ምን ልበለው?"

"የት ነው የሚሠራው?"

"ግንበኛ ነው። ከገበያው ኋላ ያለው ፎቅ ላይ። ምነው?"

"አሳየኝ።"

ተያይዘው ወጡ። ገበያውን ሲያልፉ ሹፌሩ ቆም አለ። "ፕሮፍ፣ እርጅና ነው ብንለውስ? የኃላፊዋ ነገር እውነት አለው። እሷ አትመለስም፤ አንተ ደግሞ ቤተሰብ አለህ። እኔ እንደሆንኩ የፈለግኩትን ሰምቻለሁ።"

መካኒኩ መራመዱን ቀጠለ። አንድ ሁለቴ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ተደግፎ ተነፈሰ።

ባልየው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ብሎኬት ይደረድራል። ሹፌሩን ሲያየው የግንበኛ ማንኪያውን አስቀምጦ በእንጨት መሰላሉ ወረደ። መካኒኩ ከገመተው በላይ ወጣት ነው፤ ሠላሳም አይሞላው። እጁ እስከ ክርኑ በሲሚንቶ ነጥቷል። ሰላምታ አልሰጠም።

"ተገኘ?" አለ።

"ተገኘ ወንድሜ" አለ ሹፌሩ ቶሎ ብሎ። "ያው መኪናው አሮጌ ነው፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ እርጅና..."

መካኒኩ ክንዱን ያዘው። ሹፌሩ ንግግሩን አቋረጠ። ባልየው አንዴ ሹፌሩን የያዘውን እጅ፣ አንዴ በቱታው ላይ የደረቀውን ጥላሸት ተመለከተና ዓይኑን መካኒኩ ፊት ላይ አሳረፈ።

"አንተ ማን ነህ?"

መካኒኩ ሁለት ብሎኬት ስቦ ትይዩ አስቀመጣቸው። "ቁጭ በል ልጄ" አለው፤ "እኔ ነኝ የምነግርህ።"