የረቡዕና የዓርብ ደንብ

«ዛሬስ ተመስገን፣ አልጮኸም!» አለች የትነበርሽ፣ ገና ከበሩ ሳትገባ።

ዓይናዲስ ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። «እሰይ! ተሻለው ማለት ነው?»

«ማን ነው የተሻለው?»

«ልጅሽ ነዋ። ሆዱን ቆርጦት ሲጮህ ዋለ አላልሽኝም?»

የትነበርሽ በእጇ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሳቀች። «የኔ ልጅማ ሰፈሩን ሲያሳብድ ነው ያደረው። ያንን የግድግዳ ጡሩምባ ነው የምልሽ! ረቡዕ በመጣ ቁጥር ጆሯችንን ሲበጥሰው የኖረውን። ይኸው ዛሬ ጭጭ። ምን ጠንቋይ አመጣችሁበት?»

ዓይናዲስም ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀላ። የትነበርሽ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችው ትናንት ነው፤ ጡሩምባው ረቡዕና ዓርብ መጮህ ያቆመው እሷ በሌለችበት በጥር ወር መሆኑን አታውቅም። ጠንቋዩም ሌላ ማንም ሳይሆን ራሷ ዓይናዲስ ናት።

ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለው ይህ የወተት ማቀነባበሪያ ከአምባ ጊዮርጊስና ከጭልጋ በኩል የሚመጣውን ወተት ተቀብሎ ያቀዘቅዛል፣ ያሽጋል። ረቡዕና ዓርብ ግን ከተማው ይጾማል፤ ወተት የሚገዛ የለም። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ቀናት ታንከሮቹ በፈላ ውኃ ይታጠባሉ፣ የማቀዝቀዣው ማሽን ዘይትም ይቀየራል። ችግሩ የመቆጣጠሪያው ሲስተም ይህን አለማወቁ ነበር። የፈላው ውኃ ታንከር ውስጥ በገባ ቁጥር «ወተቱ ሞቀ!» ብሎ ይጮኻል። ዘይቱ ሲቀዳ ትንሽ አሞኒያ ካመለጠች ደግሞ «ጋዝ!» ብሎ ይጮኻል። አሞኒያ ለማቀዝቀዣው የሚያገለግል ጋዝ ነው፤ ጥቂቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ብዙው ትንፋሽ ይነሳል። ጩኸቱ ከማለዳ እስከ ቀትር አያባራም ነበር። አንድ ጊዜማ የማሽን ክፍሉ ኃላፊ አያ ዳኛው አሮጌ ካልሲያቸውን ጡሩምባው ውስጥ ጎስጉሰውበት ተገኙ።

በዚያ ሰሞን ነው የቴክኒክ ክፍሉ አለቃ ኢንጂነር ክብረት ዓይናዲስን የጠራት።

«ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ለዚህ አይደል?» አላት። «ረቡዕና ዓርብ ከማቀዝቀዣው ክፍል የሚመጣውን አላርም ራሱ ሲስተሙ አይቶ እንዲያልፈው አድርጊ። ሰው ሥራ መሥራት አልቻለም።»

«የሙቀቱን ነው ወይስ...»

«ሁሉንም!»

«የጋዙን ግን...»

ስልኩ ጠራ። ክብረት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ምን አልሽ?» አላት።

«ምንም» አለች ዓይናዲስ።

አያ ዳኛው በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ምነው ልጄ፣» አሏት እየሳቁ፣ «ለማን ነው የምትናገሪው? ለደረትሽ ነው?»

እሷም አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከዚያ በፊት የነበሩትን ወራት አላርሞች አንድ በአንድ ተመለከተች። ከረቡዕና ከዓርብ ጩኸት ውስጥ እውነተኛ ሆኖ የተገኘ አልነበረም። ቁጭ ብላ ደንቡን ጻፈች፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር፣ ከማቀዝቀዣው ክፍል የሚመጣ አላርም እንደታየ ይቆጠር፣ ጡሩምባው አይጩህ። ስሙንም «የጾም ቀን» አለችው። ሲስተሙ አንድ አላርም ሲታይ ማን እንዳየው ስም ይመዘግባል፤ ደንቡ ደግሞ በጻፈው ሰው ስም ነው የሚሠራው። ይህን ስታይ ትንሽ ቅር አላት፤ ግን «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነችው። በሚቀጥለው ረቡዕ ፋብሪካው ጸጥ አለ። አያ ዳኛው በግቢው ሲያገኟት ባርኔጣቸውን አነሱላት። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሥራው ሲቀዘቅዝም ደንቡ እንዳማረበት ቀጠለ።

«ምነው፣ አትበይም እንዴ?» አለች የትነበርሽ ሳህኑን እየገፋችላት። «ከፋሲካ የተረፈ ነው፤ እናቴ ናት የላከችልሽ።»

ዳቦው ላይ ለጋ ቅቤ ተቀብቶበታል። ዓይናዲስ ቆርሳ ጎረሰች። ዓይኗ ከስክሪኑ ጥግ ከተጻፈው ቀን ላይ አረፈ፤ መንጋጋዋ ቆመ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች።

«ቢሆንስ? በሃምሳው ምን ጾም አለ? ብይ እንጂ!»

አላኘከችም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ይህን ማንም ያውቃል፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሷም ታውቃለች። ዛሬ ታንከር የሚያጥብ የለም። ታንከሮቹ እስከ አፋቸው ወተት ናቸው፤ ማሽኑም በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው። ደንቡ ግን የሚያውቀው ረቡዕን ብቻ ነው። ሃምሳ የሚባል ነገር አልነገረችውም።

የጎረሰችውን በመዳፏ ተፍታ የማቀዝቀዣውን ገጽ ከፈተች።

ታንከሮቹ ደህና ናቸው። ከታች በኩል፣ ከማሽን ክፍሉ ሥዕል አጠገብ ያለው የጋዝ ቁጥር ግን ዓይኗ እያየ ከፍ አለ፤ ደግሞም ከፍ አለ። አጠገቡ መብረቅረቅ የነበረበት ቀይ መብራት ረግቶ ቆሟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ አላርም። ታይቷል። ያየው፦ ዓይናዲስ።

«አላየሁትም» አለች ለራሷ።

«ምኑን?»

ደንቡን አጠፋችው። ጡሩምባው ይጮኻል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። አንዴ ታይቷል የተባለ አላርም ተመልሶ እንደማይጮህ ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው።

«የትነበርሽ፣ አያ ዳኛው የት ናቸው?»

«አሁን በማሽኑ በኩል አይቻቸዋለሁ። ዛሬ ትንሽ ሸተተኝ እያሉ ነበር። አይጮህምሳ ብላቸው፣ ካልጮኸማ የዘወትሩ ነው፣ ገብቼ ቧንቧውን ጠበቅ ላድርገው አሉኝ።»

ዓይናዲስ ወንበሩን ገልብጣ ወጣች።

የዚያ ክፍል ሰዎች ሁሉ የሚሠሩት እንዲህ ነበር። አሞኒያ መቼም ጥቂት ጥቂት ይሸታል፤ በሸተተ ቁጥር የሚሸሽ ሰው እዚያ አይውልም። ሸትቶ ጡሩምባው ከጮኸ ይወጣሉ። ሸትቶ ካልጮኸ ፎጣቸውን አርጥበው አፍንጫቸው ላይ ያስሩና ይገባሉ። አያ ዳኛው ዛሬ የእጥበት ቀን አለመሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጡሩምባው ነቅቶ እየጠበቃቸው ነው ብለው አምነዋል። ዝም ያሰኘችባቸው እሷ ናት።

ግቢውን ስታቋርጥ የአምባ ጊዮርጊሱ ወተት መኪና ሾፌር ትዕዛዙ፣ ያራገፈውን ቦቴ በጎማ ውኃ እያጠበ ነበር። «ኧረ ቀስ፣ እህቴ! ባቡር አመለጠሽ?» አላት። ሳትቆም አለፈችው። ሽታው ገና ከመኪናው ሳትርቅ ተቀበላት፤ ዓይኗ ወዲያው አነባ። የማሽን ክፍሉ የብረት በር ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ በኩል ነጭ ጭጋግ መሬት ለመሬት ይወጣል። ከውስጥ የማሽኑ ጩኸት ይሰማል፤ የሰው ድምፅ ግን የለም።

«አያ ዳኛው» አለች። ራሷም አልሰማችው።

ከበሩ ጎን ካለው ግድግዳ ላይ ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ አለ። በመዳፏ መታችው። ማሽኑ አቃስቶ ቆመ፤ ግቢው በአንድ ጊዜ ረጭ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከክፍሉ ወደኋላ በኩል ሳል ተሰማ፤ ደረቅ፣ የተቆራረጠ ሳል። ቀጥሎም ብረት በብረት ሲጋጭ።

«አያ ዳኛው!» አለች፤ አሁንም ከጉሮሮዋ አላለፈም። ማስክ ያለበት ቁም ሣጥን ያለው እዚያው ከውስጥ ነው። እሷም ብትገባ የሚታፈኑት ሁለት ይሆናሉ። ሳሉ ራቀ፤ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ጥጉ እየሄዱ ነው። ዓይናቸው ጠፍቶባቸዋል።

ያኔ ጮኸች። እንዴት እንደጮኸች አታውቅም። የትነበርሽ ከኋላዋ ስትሮጥ ባለችበት ቆመች፤ ትዕዛዙ ጎማውን እንደያዘ ዞረ።

«አያ ዳኛውውው! ወደዚያ አይደለም! ወደ ድምፄ ይምጡ!»

ሳሉ ቆመ።

«ዝቅ ይበሉ! ፎጣውን አይልቀቁ! ግድግዳው ላይ ቧንቧ አለ፣ ወፍራሙን ቧንቧ ይያዙ!» በመቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ ያለውን የዚያን ክፍል ሥዕል የሣለችው እሷ ናት፤ እያንዳንዱን ቧንቧ ከነመታጠፊያው ታውቀዋለች። «ይዘውታል? ይመልሱልኝ!»

ብረት ሁለት ጊዜ ተመታ።

«እሱን ተከትለው ይምጡ! ጥጉ ላይ ይታጠፋል፣ አብረው ይታጠፉ! ትዕዛዙ፣ ጎማውን አምጣ! በሩ ላይ ርጭ፣ ጭጋጉ ላይ! ውኃ ይበላዋል!»

«እኔ?»

«አንተ! ቶሎ!»

ትዕዛዙ ጎማውን እየጎተተ መጣ፤ ጣቱን የጎማው አፍ ላይ አድርጎ ውኃውን በበሩ ላይ በተነው። የትነበርሽ የአየር ማውጫውን ማብሪያ ስትፈልግ ዓይናዲስ በእጇ ጠቆመቻት፤ አፏ ሥራ ላይ ነበር። መጮህ ካቆመች የሚይዙት ነገር የሚያጡ መሰላት። የምትለው ሲያልቅባት ስማቸውን ጠራች፤ ስማቸው ሲያልቅባት «እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ!» አለች። ጉሮሮዋ እንደ እሳት ነደደ። ወደኋላ ዞራ አየር ሳበችና ደግሞ ጮኸች። ከውስጥ ለአፍታ ምንም ሳይሰማ ቀረ።

«አያ ዳኛው! እኔን ልጅዎን ያናግሩኝ እንጂ!»

ከበሩ ግርጌ፣ ከጭጋጉ ሥር አንድ እጅ ወጣ። ትዕዛዙ ጎማውን ጣለና እጁን ያዘው፤ የትነበርሽ በሌላ በኩል ብብታቸውን ይዛ አብራ ጎተተች። አያ ዳኛው በእንብርክካቸው ግቢው መሐል ደረሱ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ዓይናዲስ ጎማውን አንስታ ዓይናቸውን በቀስታ ታጥብላቸው ጀመር፤ ጥለውት የወጡት ፎጣ በሩ ላይ ወድቆ ይታያል።

«ዘጋሁት» አሉ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ። «ቫልቩን ዘጋሁት።»

«አይናገሩ።»

«ጡሩምባው ሳይጮህ... እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። አይናገሩ፣ አያ።»

ትንሽ አሳላቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዙረው «ምነው ልጄ፣» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ሸጋ ጩኸት ይዘሽ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ለደረትሽ የምታወሪው?»

ትዕዛዙ ሳቀ፤ የትነበርሽ አለቀሰች። ዓይናዲስ ውኃውን ማፍሰሷን ቀጠለች።

ትዕዛዙ በወተት መኪናው ሆስፒታል ከወሰዳቸው በኋላ ክብረት ከፒያሳ በባጃጅ ደረሰ። ቀጥታ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገብቶ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«ታይቷል ይላል እኮ! ማነው አይቶ ዝም ያለው?» አለ፤ ስሙን ሲያነብ ግን ድምፁ ወረደ።

«እኔ ነኝ» አለች ዓይናዲስ። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ግን ይሰማል። «አላየሁትም፤ ያየልኝ ደንቡ ነው። በሃምሳው ረቡዕ እንደማይጾም አልነገርኩትም።»

«ያንን ማናችንም አላሰብነውም...»

«ሁሉንም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እሺ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የጋዙ አላርም ዝም መባል እንደሌለበት ያኔም አውቅ ነበር። ዛሬ አወጣዋለሁ፤ ሁለተኛም ወደ ደንብ አላስገባውም።»

የክብረት ስልክ ጠራ። አየውና ኪሱ ውስጥ መለሰው። «የቀረውስ?» አላት።

«የቀረውን ደግሞ የሳምንቱ ቀን አያዘውም። እጥበት የሚጀምረው ሰው ደንቡን ራሱ በእጁ ይከፍተዋል፣ ሲጨርስ ይዘጋዋል።»

«ይሁን» አለ።

በዚያው ቀን ደንቡን አፍርሳ እንደ አዲስ ጻፈችው፤ «የጾም ቀን» የሚለውን ስም አጥፍታ «እጥበት» አለችው። የማስኩም ቁም ሣጥን ከክፍሉ ወጥቶ ከበሩ ውጭ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። አያ ዳኛው ሳምንቱን ሆስፒታል ቆይተው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ወደ ሥራ ተመለሱ። ጰራቅሊጦስ አልፎ በመጣው ረቡዕ ታንከሮቹ ታጠቡ፤ ዘይቱ ሲቀዳ ትንሽ ጋዝ አመለጠ፣ ጡሩምባው ጮኸ፤ ሁሉም ሥራውን ትቶ ወደ ግቢው ወጣ።