የተጠማዘዘው መስመር

ማን እንደሰደበው፣ መቼ እንደሰደበው፣ ሲሰድበውም ምን ለብሶ እንደነበር ኖራው አንዱንም አልረሳም። የጓደኛው የሹፌሩ ሚስት ወንድም ነው፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በዋንጫው ጨዋታ ቀን፣ ሰማያዊ ኮት ለብሶ።

«አንተ አራተኛ ክፍል እንኳ ያልጨረስክ! መስመር ቀጥ ማድረግ ላቃተው ሰው ደግሞ ሜዳ ይሰጣል?» ነበር ያለው፤ ያውም በሕዝብ ፊት። ሕዝቡም ሳቀ። የሳቁትንም ቢሆን ኖራው አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

የሰፈሩን ኳስ ሜዳ መስመር በኖራ የሚያሰምረው እሱ ነው፤ «ኖራው» የሚለው ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ሠላሳ ዓመት ገመድ ወጥሮ ሲያሰምር ከእጁ የወጣ ጠማማ መስመር አንድ ብቻ ነው፤ የዚያን ቀኑ። አንዱ የሜዳው ጥግ ላይ መስመሩ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ «ኳሱ ወጥቷል» ተብሎ ጎል ተሻረ፤ ዋንጫውም ሄደ።

ዛሬ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሹፌሩ ሳሎን፣ በር አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሶፋው ላይ ና ያለው የለም፤ ይህንንም መዝግቦ ይዟል። ሹፌሩ ከሞተ ዓመት ሞላው። በሥራ ቀን አውቶቡስ ይነዳ፣ እሁድ የሰፈሩን ቡድን ያሠለጥን ነበር። ቤተሰቡ እሱን እያነሳ ይጫወታል።

«ድመት ጎማ ሥር ገባች ብሎ ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ አቁሞ፣ ተንበርክኮ ይለምናታል እኮ!» አለች ሚስቱ። «የቋጠርኩለትን ምሳ ደግሞ የጋራዡ ውሾች ናቸው የሚበሉት።»

«እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር ልምምድ የሚያሠራው» አለች ልጁ። «ፊሽካ የምነፋው እኔ ነበርኩ። አንዴ ዝም ብዬ ነፋሁና ሁሉም ቆመ፤ አባዬም አብሮ ቆመ!»

ሳቁ በረድ ሲል አጎቷ፣ ያው የሚስትየው ወንድም፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለእንስሳስ ይሁን፤ ሰው መምረጥ ላይ ግን ነፍሱን ይማረውና ዜሮ ነበር። ዋንጫችንን ያስበላን ይኸው በር ላይ ተቀምጧል። ፎቶ ማንሳቱንማ ተዉት! የዚያን ቀን ያን ሁሉ ተጫዋች ትቶ ባዶ የሜዳ ጥግ አንስቶ እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቀለ።»

 ሹፌሩ ለኖራው «የመስመሩን ነገር እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» ብሎት ነበር። ነገ ዛሬ ሲል ሞተ። ለድመት የሚንበረከክ ሰው የጓደኛውን ስም እንዲህ ጥሎ መሄዱ አንጀቱን ሲያቃጥለው ኖሯል። ዛሬም ካልተነገረ፣ መስመር ያጣመመው መሃይም ተብሎ መቅረቱ ነው።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ ወደ እሱ ዞራ፣ «ለምን ነበር ግን የተጣመመው?»

«ፎቶውን አውርጂዋ፣ የኔ ልጅ። ከጥጉ ባንዲራ ግርጌ፣ ሣሩ ውስጥ ምን ይታይሻል?»

ወደ መስኮቱ ወስዳ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገችው። «ወፍ! ወፍ ተኝታለች!»

«ሦስት እንቁላል ታቅፋ» አለ ኖራው። «ጠዋት ገመድ ስወጥር አገኘኋትና አባትሽን ጠራሁት። ‹በጎኗ አዙረህ አስምርላት› አለኝ። ‹ዋንጫውስ?› ብለው፣ ‹ዋንጫ ለከርሞም አለ፤ እሷ ግን ያላት ቤት ይኸው ነው› አለኝ። የሰፈር ልጆች ሰምተው እንቁላሉን እንዳይወስዱባት፣ ጫጩቶቹ እስኪወጡ እንዳልተነፍስ አስማለኝ። ስጠመዝዝ ገመዱን የያዘልኝ እሱ ነው።»

«ውይ!» አለች የሹፌሩ ሚስት ደረቷን ይዛ። «ለካ ለዚህ ነው ጨዋታውን ሙሉ ከዚያ ጥግ አልነቃነቅ ያለው! እኔ እኮ ተናዶ መስሎኝ…»

 የሚስቱ ወንድም እግሩን አነባበረ፣ መልሶ አወረደ።

«ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን አፍህን ለጎመው? ጫጩቶቹ እኮ ወር አይሞላቸውም። ምናለ ብትናገር?»

መልስማ ሞልቶታል። አሥራ አንድ ዓመት ሲፈትለው፣ ሲያከረው የኖረ መልስ። ኖራው ግን ፎቶውን ከልጅቷ እጅ ተቀብሎ አየው። ነጩ መስመር ወፏ ጋ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ፣ እንደ ሳህን ጠርዝ አንድም ቦታ ሳይሰበር ዞሮ ቦታው ይገባል። ቀጥ ያለውንማ ማንም ያሰምራል።

ፎቶውን ራሱ ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለው፤ ዘንበል ሲልበት በአውራ ጣቱ አቃናው። ቆቡን አድርጎ ለሚስቲቱ እጅ ነሣ፤ በርጩማዋን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወጣ።