የመምሬ አለበል ብስክሌት

መምሬ አለበል በቅሏቸውን ሸጠው ብስክሌት የገዙት በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። አርባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። የታመመ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ባሕር ዳር ወርደው ሳለ፣ ጉልበቱን ተጎድቶ የብስክሌት ውድድር ያቆመ ዮርዳኖስ የሚባል ጎረምሳ ብስክሌቱን ለሽያጭ አውጥቶ አዩና፣ “እስቲ አንዴ ልሞክራት” አሉት። በዲቁናቸው ዘመን ደብረ ታቦር ላይ በኪራይ ብስክሌት ተምረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ነክተው አያውቁም።

የሐይቁን ዳር ይዘው ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ጠፉ። ዮርዳኖስ “ቄሱ ይዘውብኝ ነጎዱ” እያለ ሲሯሯጥ፣ ጥምጥማቸው ተፈትቶ አንገታቸው ላይ እንደ ወደቀ፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ተመለሱ።

ብስክሌቷ ውድ ከሚባሉት አይደለችም፤ እንዲያው የምትናቅም አይደለችም። አካሏ አሉሚኒየም፣ የፊት ጎማዋን አቅፎ የሚይዘው ሹካ ግን ካርቦን የሚሉት ከብረት የቀለለ ቁስ ነው። ጎማዋ እንደ አውራ ጣት የቀጠነ፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፤ በአንድ እጅ ብድግ ትላለች።

“ካርቦኑ የመንገዱን ንዝረት ይውጥልዎታል” አላቸው ዮርዳኖስ። “ግን አደራ፣ አንዴ ከተሰነጠቀ አይበየድም።”

መምሬ አለበል የሚኖሩት ንፋስ መውጫ ከተማ ነው። የሚቀድሱበት ደብር በደብረ ታቦር አስፋልት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሲሄዱ ዳገቱም ነፋሱም ፊት ለፊት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እያለከለኩ፣ እየወረዱ እየገፉ አሳለፉት። ቀስ በቀስ ግን ገባቸው፤ ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት እንደሆነ፣ ነፋስ ሲበረታ የመሪውን የታችኛውን እጀታ ይዞ መጎንበስ እንደሚሻል፣ ኩርባ ላይ ከመድረስ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ለስለስ አድርጎ መያዝ እንደሚያስፈልግ። የሱሪያቸውን ጫፍ በሲባጎ ያስራሉ፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ይሸጉጣሉ፣ ጥምጥማቸውን በአገጫቸው ሥር ያጠብቃሉ። ሰንሰለቷን ቅዳሜ ቅዳሜ በነጭ ጋዝ ያጥባሉ፤ ጎማ ሲፈነዳ ራሳቸው ይለጥፋሉ።

ሰው ሳቀ። የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋ አለፋቸው። እሳቸው እጃቸውን አውለብልበው መንገዳቸውን ቀጠሉ። የደብሩ አለቃ ወልደ ሩፋኤል ግን አልሳቁም።

“ካህን ጎንበስ ብሎ መቀመጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሲበር ምእመኑ ምን ይላል?” አሉና ሰበካ ጉባኤውን ጠሩ።

ከስብሰባው በፊት የመምሬ አለበል የድጓ ቤት ጓደኛ መሪጌታ ሙሉቀን ወደ ጎን ወሰዳቸው።

“ጉልበቴን ያመኛል፣ ሐኪም አዞኝ ነው በል። በቃ፣ ነገሩ ያልፋል።”

“ጉልበቴ ደህና ነው።”

“ኧረ ማን ያውቅብሃል!”

መምሬ አለበል ትተውት ገቡ። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል። የጉባኤው ምክትል አቶ ፈንታው ደግ ገበሬ ነው፤ መውጫውን ሊያሳያቸው ፈልጎ ቀድሞ ጠየቀ።

“መምሬ፣ ለአገልግሎት ይፈጥንልኛል ብለው ነው አይደል?”

“አይ አቶ ፈንታው። በቅሎዋም ታደርሰኝ ነበር።”

“ታዲያ?”

“ደስ ስለሚለኝ ነው።”

ሙሉቀን ዓይኑን ጨፈነ።

“ዳገቱን ጨርሼ ቁልቁለቱን ስጀምር ደስ ይለኛል” አሉ መምሬ አለበል። “ነፋሱ ሲገፋኝ፣ እኔም ስገፋው ደስ ይለኛል። ጥፋት ከሆነ አንቀጹን አንብቡልኝ። ፍትሐ ነገሥቱ ያው ዕቃ ቤት ነው።”

“ካህን ለደስታው አይኖርም!” አሉ አለቃ፣ በመቋሚያቸው ወለሉን መትተው።

“ቅዳሴ አስታጉዬ አውቃለሁ? ሰዓታት ቀርቼ አውቃለሁ? እሱን ይንገሩኝ።”

ብስክሌቷን እስኪሸጡ ድረስ መቅደስ እንዳይገቡ ተወሰነ።

የዚያን ቀን ሚስታቸው ጌጤ አለቀሰች። “ይሽጧት እንጂ! ለብረት ብለው ክህነትዎን ያጣሉ?”

“ነገ ደግሞ ሚስትህ ስትስቅ ድምጿ ከፍ ይላል፣ ፍታት ቢሉኝስ?”

ጌጤ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ የእውነትም ድምጿ ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ይሽጧት ብላቸው አታውቅም።

መምሬ አለበል ዐቢይ ጾምን ሙሉ በየሰንበቱ በብስክሌታቸው መጡ። ከአጥሩ አስደግፈው ገብተው ከምእመኑ ጋር ቆሙ። የመጀመሪያው እሑድ ከበዳቸው። ዲያቆኑ ከውስጥ “ተንሥኡ ለጸሎት” ሲል ከንፈራቸው የካህኑን ቃል ለመመለስ ተንቀሳቀሰ፤ ቀና ሲሉ አጠገባቸው የቆሙት ገበሬዎች ዓይናቸውን ከእሳቸው አሸሹ። ከንስሐ ልጆቻቸው ሰባት ቤት ሌላ አባት ያዘ። ወይዘሮ ሐረገ ወይን የሚባሉ አሮጊት ግን ሰው እየሰማ፣ “እኔ ኃጢአቴን የምናዘዘው ለነፍስ አባቴ እንጂ ለብስክሌታቸው አይደለም” አሉ።

መጋቢት ላይ ቁልቁለቱ መሐል የጎን ነፋስ መታቸውና ወደቁ። ክርናቸው ተላጠ፣ ቅንድባቸው ተሰነጠቀ። ደማቸውን ሳይጠርጉ መጀመሪያ የዳሰሱት የካርቦኑን ሹካ ነው፤ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አስኬዱት፤ ደህና ነበር። አለቃ ይህን ሲሰሙ “እግዚአብሔር ተናገረ” አሉ። በማግስቱ መምሬ አለበል ቅንድባቸውን በፋሻ አስረው፣ በአለቃ ደጃፍ በኩል በብስክሌታቸው አለፉ። መንገዳቸው በዚያ አልነበረም።

ሰኔ ላይ ከቀሩት ቄሶች አንዱ ወደ ሌላ ደብር ተዛወሩ። ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ቄስ ጠፍቶ አንድ ሰንበት ቅዳሴ ታጎለ። ያኔ ሙሉቀን ከአለቃ መልእክት ይዞ መጣ።

“ተመለስ ብለዋል። ብስክሌቷን ግን አስፋልቱ ዳር ሱቅ ውስጥ ደብቀህ፣ በእግርህ ግባ ብለዋል።”

“ሰርቄ አላመጣኋት፣ ለምን እደብቃታለሁ? ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ትቆማለች በልልኝ፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ። ካልሆነ እዚያው ከምእመኑ ጋር እቆማለሁ፤ ለምጄዋለሁ።”

መልስ ሳይመጣ ሳምንቱ አለቀ። እሑድ ገና ሳይነጋጋ መምሬ አለበል በዝናብ ደብሩ ደረሱ፤ ቀሚሳቸው እስከ ጀርባቸው ጭቃ ተረጭቷል። አለቃ ወልደ ሩፋኤል ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ብስክሌቷን አዩ፣ ጭቃውን አዩ።

“አልሸጧትም።”

“አልሸጥኳትም፣ አለቃ።”

“አይሸጧትም?”

“አልሸጣትም።”

ከውስጥ የማሕሌቱ ድምፅ ይሰማል።

“ልብስ ይቀይሩ። ሰዓቱ ደርሷል” አሉ አለቃ፣ ፊታቸውን አዙረው።

መምሬ አለበል ብስክሌቷን ዛፉ ሥር አቁመው ገቡ። ሌላ አባት ከያዙት ሰባት ቤቶች አራቱ በኋላ ተመለሱ፤ ሦስቱ እንደ ወጡ ቀሩ። አለቃም ነገሩን አልወደዱትም፤ በየዓመቱ ጉባኤ ላይ ያነሱታል፤ መምሬ አለበልም በየዓመቱ ቆመው ያንኑ “ደስ ስለሚለኝ ነው” የሚለውን መልስ ይሰጣሉ።